የርኅራኄ ስንቅ

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ብርቱ ዝናብ የጠጣ ተራራ ተንዶ ቤቶችን ከነነዋሪዎቻቸው ቀበረ። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ደረሰ። አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በእጁ ጭቃውን ይዝቅ ጀመር። ሰው ሰውን ከአፈር ሊያወጣ አጎንብሶ ሳለ ያው ተራራ ለሁለተኛ ጊዜ ተናደ። ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ከነዚያም ብዙዎቹ የመጀመሪያው ናዳ የያዛቸው ሳይሆኑ ሊያወጧቸው የሄዱት ነበሩ። ስለ እነዚህ ሰዎች ከሁሉ አስቀድሞ መባል ያለበት፣ ሰው ለሰው ሊያደርግ ከሚችለው የሚበልጠውን ማድረጋቸው ነው። ዝናብ የጠገበ ተዳፋት አንዴ ከተናደ በኋላ ደግሞ ሊናድ ይችላል፤ ቆፋሪዎች ሲያጎነብሱ ዓይኑን ከተራራው የማይነቅል አንድ ሰው መቆም አለበት። ይህ ረጅም ትምህርት አይጠይቅም፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚነገር ነገር ነው። ይህን ዕውቀት እንዲህ ያለ ተራራ ሥር ለሚኖር ሰው ሁሉ ማድረስ የማን ግዴታ ነው?

በጎጃም፣ በአዴት ዙሪያ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር እሪታ ሲሰማ በሬውን ከነቀንበሩ ትቶ መሮጥ የተለመደ ነው። ጎጆ የተቃጠለበት፣ ልጁን ደራሽ ጎርፍ የወሰደበት፣ መብረቅ የመታው፣ መኪና የተገለበጠበት ሰው ከጮኸ፣ ማን እንደ ጮኸ የሚጠየቀው ከደረሱ በኋላ ነው። ሰምቶ የቀረ ሰው በሰፈሩ ዘንድ ፊቱ ይጠቁራል። እንግዲህ ሰዎች እንደሚሮጡ በእርግጠኝነት እናውቃለን። መንግሥት ቢከለክል፣ ሚስት ብታለቅስ፣ መንገዱ ገደል ቢሆን ይሮጣሉ። ክርክሬ የሚነሣው ከዚህ ነው። አንድ ማኅበረሰብ ልጆቹ ወደ አደጋ እንደሚሮጡ እያወቀ ምን እንደሚጠብቃቸው ሳያስተምራቸው ቢቀር፣ የሚመጣው ጉዳት ዕጣ ፈንታ ብቻ ሊባል አይችልም፤ በማኅበረሰቡ ላይ የሚቆጠር ዕዳ ነው። ሥልጠናን ብዙ ጊዜ ከበጎ ፈቃደኛው እንደሚፈለግ ተጨማሪ ትጋት አድርገን እናየዋለን። እኔ ግን እኛ ለእርሱ የምንከፍለው ዕዳ ነው እላለሁ። በኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል፤ ሳያደርግ ቀርቶ ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ ይሆናል። ሕጉ ማንንም ገፍቶ ስላልጣለው ባለቤት ነው የሚናገረው። ጥፋቱ ሰው ወደዚያ እንደሚወጣ እያወቀ መከታ አለመሥራቱ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከባዱ ነው፤ የሚነሣውም ከእምነት ነው። መከራ ከእግዚአብሔር እጅ ከመጣ፣ መልሱ ንስሐና ምህላ እንጂ ገመድና ቃሬዛ አይደለም ይባላል። ቋንቋችን ራሱ ለዚህ ሐሳብ ቦታ ሰጥቶታል። መዓት የምንለው ቃል በግእዝ ቁጣ ማለት ነው፤ መዓት መጣ ስንል ሳናስበው ስለ አንድ የተቆጣ ጌታ እየተናገርን ነው። ነገር ግን ሌላም ቃል አለን። አደጋ ጣለ ሲባል ሽምቅ ጠላት በድንገት መታ ማለት ነው። ለቁጣ የሚገባው ማልቀስና ምሕረት መለመን ነው፤ ለሽምቅ የሚገባው ዘብ ማቆም ነው። አባቶቻችን ሁለቱንም ቃላት ይዘው ኖረዋል፤ አንዱ ሌላውን አላስጣላቸውም። ማረጋገጫውም ከማሳው ላይ ይገኛል። የይልማና ዴንሳ ገበሬ ዝናብን የሚሰጠው ማን እንደሆነ አይጠፋውም፤ ያም ሆኖ የጤፉን ማሳ አራትና አምስት ጊዜ ሳያርስ አይዘራም። እዚያው አዴት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በሽታ የሚችል ዘር ለማግኘት ዓመታት ሲደክም፣ ሥራው በአምላክ ፈቃድ ላይ ማመፅ ነው ያለ ቄስ አልሰማንም። ዮሴፍም በግብፅ የረኃቡን ዘመን ከእግዚአብሔር ሰምቶ ሲያበቃ ያደረገው ነገር ጎተራ መሥራትና ከምርቱ አምስተኛውን እጅ ማከማቸት ነበር። ረኃቡ እንደማይቀር በራሱ በእግዚአብሔር ተነግሮት እንኳ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ፣ በቃል ብዙም የማይገለጥ ግን ልብ ውስጥ ያለ ፍርሃት አለ፤ እርሱም ሟርት ነው። ገና ያልደረሰን እሳት፣ ገና ያልወረደን ናዳ ስም እየጠሩ መለማመድ መከራን መጥራት ይመስላል። ክፉ የተናገረውን ሰው አፍህን በጨው ታጠብ እንለዋለን። ይህን ስሜት አልንቀውም፤ ቃል ኃይል አለው ብሎ ከሚያምን ሕዝብ የመጣ ነውና። ይሁን እንጂ ይኸው ሕዝብ ከመከራዎች ሁሉ ለሚከፋው፣ ለሞት፣ የሚያደርገውን ዝግጅት እንመልከት። አረጋውያን ለመገነዣቸው የሚሆን አቡጀዲ ገዝተው በሣጥን ያስቀምጣሉ። እድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ድንኳኑና ድስቱ ተቆጥሮ ይቀመጣል፤ መዋጮው በየወሩ ይሰበሰባል፤ ያልከፈለና ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ጡሩምባው ሲነፋ ማን ምን እንደሚይዝ ሁሉም ያውቃል። ይህን ሁሉ ሟርት ያለ የለም። እንግዲያውስ ሰው ከሞተ በኋላ ላለው ሰዓት እንዲህ የተደራጀን ሰዎች፣ ሊሞት ሲል ላለው ሰዓት ለምን ባዶ እጃችንን እንቀራለን? ለአስከሬኑ ቃሬዛ የሚሸከሙ ሰዎች ተራ ወጥቶላቸው ሳለ፣ ደም የሚፈሰውን ቁስል እንዴት አጥብቆ መጫን እንደሚገባ የሚያውቅ አንድ ሰው በእድሩ መዝገብ ላይ አለመኖሩ እኔን ያሳዝነኛል። ድርጅቱ አለ፤ የጎደለው ሕያው ለሆነው ሰው መዋሉ ነው።

ለርኅራኄ ልብ ብቻ ይበቃል የሚሉ ደጉን ሳምራዊ ይጠቅሳሉ። እኔም እርሱን ልጥቀስ። ታሪኩን ስናነብ ማዘኑ ላይ ቆመን ቀሪውን እናልፈዋለን። ሰውዬው ዘይትና ወይን ይዟል፤ ቁስልን ማሰር ያውቃል፤ የተጎዳውን በገዛ እንስሳው ላይ ያስቀምጣል፤ ማደሪያ የት እንዳለ ያውቃል፤ ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሁለት ዲናር ከፍሎ ከዚያ በላይ የሚወጣውንም ሲመለስ ሊከፍል ቃል ይገባል። ካህኑና ሌዋዊው ያጡት ርኅራኄን ነበር፤ ሳምራዊው ግን ርኅራኄ ብቻ አልነበረውም። በእኛም ታሪክ ክተት ሲታወጅ ዘማች ስንቁን ራሱ ቋጥሮ ይመጣ ነበር። የአገር ፍቅር ያለ በሶ ወደ አድዋ አያደርስም፤ ይህን ማለትም ፍቅሩን ማሳነስ አልነበረም። ካንት የተባለው ጀርመናዊ ፈላስፋ በጎ ፈቃድ ምንም ባያፈራ እንኳ በራሱ ብርሃን እንደ ዕንቍ ያበራል ብሎ ያስተምር ነበር። ግን እዚያው ላይ፣ በጎ ፈቃድ የሚለው ባዶ ምኞትን ሳይሆን በእጃችን ያለውን መንገድ ሁሉ መጠቀምን መሆኑን ጨምሯል። ለመማር ዕድል እያለው ያልተማረ በጎ ፈቃድ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረኝ ተቃውሞ ግን የጀግንነት ነው። የአደጋ ሥልጠና የመጀመሪያ ትእዛዙ ራስህን ጠብቅ ነው። አንድ ሰው ጉድጓድ ወርዶ አየሩ ሲያፍነው፣ የሠለጠነው ሰው ዘሎ አይወርድም፤ ሌሎችንም ይከለክላል፤ ገመድ ያስመጣል። ይህ በጎጃም ሰው ዓይን ምን ይመስላል? ወንድሙ ከታች እየሞተ ከላይ የቆመ ሰው ፈሪ ይባላል፤ ስሙ ለልጁም ይተርፋል። ዕውቀት ልብን ያቀዘቅዛል፣ ሰውን ቆጣሪና አስሊ ያደርጋል የሚለው ክስ ከዚህ ይመጣል። ክሱ ፍጹም ሐሰት አይደለም። ሥልጠናን ለመቅረት ምክንያት የሚያደርግ ሰው ይኖራል፤ እርሱን ሥልጠና አይፈውሰውም። ነገር ግን በመጀመሪያው ሰው ላይ ሁለተኛው፣ በሁለተኛው ላይ ሦስተኛው ወንድም ሲወርድ አንድ ቤት በአንድ ቀን የሚዘጋበት አደጋ በብዙ አገር የታወቀ ነው። በሜክሲኮ ከተማ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1985 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ያልሠለጠኑ ፈቃደኞች ወደ 800 የሚጠጉ ሰዎችን ከፍርስራሽ እንዳወጡ፣ ከራሳቸውም ወደ 100 የሚሆኑት በዚያው እንደ ሞቱ ይነገራል። ሁለቱንም ቁጥሮች አንድ ላይ መያዝ ያስፈልጋል። 800ው ፈቃደኞች እንደሚያስፈልጉ ይመሰክራል፤ 100ው ደግሞ ለእነርሱ ሳይከፈል የቀረውን ዕዳ ያሳያል። ወንጌልም ስለ መዝለል የሚናገረው አለ። ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይቀበሉሃል የሚለው ምክር ከማን እንደመጣ የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ጌታ ያን ምክር የመለሰው ፈርቶ አልነበረም፤ አምላክን መፈታተን መሆኑን አይቶ ነው። እንግዲህ በጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ የሟቹን ወንድም በሁለት እጁ አንቆ የሚይዝ፣ እየተሰደበ ገመዱ እስኪመጣ የማይለቅ ሰው፣ ከዘለለው ያነሰ ልብ ያስፈልገዋልን? እኔስ የበለጠ ያስፈልገዋል ባይ ነኝ፤ የዘለለው ምስጋናን ያገኛል፣ እርሱ ግን ከስድብ በቀር የሚጠብቀው የለም።

ማን ይሠልጥን ሲባል ደግሞ ሌላ ክርክር ይነሣል። ከሠራዊት የተመለሰ ሰው፣ የቀበሌ ሚሊሻና በፈቃዱ ተጠባባቂ የሆነ ሁሉ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ይመስላል፤ በትእዛዝ መቆምን፣ ቆስሎ የወደቀን መሸከምን፣ በድንጋጤ መካከል አንድ ድምፅ መስማትን ለምዷልና። ይሁን እንጂ ገጠሩ ሥልጠና የሚለውን ቃል በጥርጣሬ የሚሰማበት ምክንያት አለው። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቶ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶች ተጠሩ፤ አፈሳ የሚለው ቃል ዛሬም የእናቶችን ሆድ ያባባል። ባለፉት ዓመታትም የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ገብቷል። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም በአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን ዜና አውታሮች የሆስፒታል ኃላፊን ጠቅሰው ዘግበዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መሣሪያ የያዘ ሰው የሚያስተምረው የመጀመሪያ ዕርዳታ ወዴት እንደሚያመራ መጠየቅ ተገቢ ነው። ለዚህ ተቃውሞ ግማሹን እቀበላለሁ። ሥልጠናው ለምዝገባ ወይም ለምልመላ መግቢያ በር ከሆነ ከሥሩ ይበላሻል፤ ሰው ከእርሱ ቢሸሽ አይፈረድበትም። የማልቀበለው ግን ከዚህ ተነሥቶ ታጣቂውን ከትምህርቱ ማስወጣት ነው። መሣሪያ የያዘው እጅ ቁስል ማሰርን ካልተማረ ማን ይማር? የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ከጣሊያን ጋር የተደረገው ጦርነት ሊጀመር ሦስት ወር አልቀረውም ነበር፤ በታኅሣሥ 1928 ደግሞ በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ድንኳን በጣሊያን አውሮፕላን ተደበደበ። ያ ግፍ ነው የተባለው የቆሰለን የሚያክም እጅ ከማንም ወገን መቆጠር እንደሌለበት ዓለም አስቀድሞ ተስማምቶ ስለነበር ነው። ተጠባባቂው ወታደርና የእድሩ ዳኛ በአንድ ጥላ ሥር፣ ያለ ጠብመንጃ፣ የማንም ቁስል ቁስል ነው የሚለውን አብረው ቢማሩ፣ የሚጠቀመው የዚያ ቀን ቁስለኛ ብቻ አይደለም።

መንግሥት የት ሄዶ ነው ገበሬው አዳኝ የሚሆነው የሚሉም አሉ። መንግሥት ከኃላፊነቱ አይወርድም። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያ በ1987 የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት፣ በ2008 የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን እየተባለ ስሙ የተለወጠው፣ ከእልቂት በኋላ እህል ማደል እንደማይበቃ በብዙ ሕይወት ዋጋ ስለተማርን ነው። ግን ብርቱ የደም መፍሰስ በደቂቃዎች ይገድላል፤ እስትንፋስ ያጣ አእምሮ ከአራትና ከአምስት ደቂቃ በኋላ መጎዳት ይጀምራል። ከአዴት እስከ ባሕር ዳር ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከሩቅ ቀበሌ እስከ አዴትም ክረምት ሲገባ መኪና የማይወጣው ጭቃ አለ። አገሯ ባለጠጋ የሆነው የጃፓኗ ኮቤ እንኳ እ.ኤ.አ. በጥር 1995 በተንቀጠቀጠች ጊዜ፣ ከፍርስራሽ ከወጡት ሰዎች ከአሥሩ ወደ ስምንቱ የሚጠጉትን ያወጡት ቤተሰብና ጎረቤት ነበሩ። በዚያች ደቂቃ መንግሥት ማለት አጠገብህ ያለው ሰው ነው፤ እጁ ምን እንደሚያውቅ ደግሞ የተወሰነው አስቀድሞ ነው።

የሚቀረው መቼ የሚለው ነው። መልሱ ቀላል ይመስለኛል፤ አዝመራው ገብቶ የክረምቱ ዝናብ ሳይጥል፣ እድሩ በሚሰበሰብበት በዓል ቀን። በዓል ይሻራል የሚል ካለ፣ ይኸው ጥያቄ ለጌታችን በሰንበት ቀርቦለት፣ እርሱም ከጉድጓድ የወደቀ እንስሳውን በሰንበት የማያወጣ ከመካከላቸው ማን እንደሆነ መልሶ ጠይቋቸዋል። የሚመልስለት አልነበረም። በሰንበት መጎተት ከተፈቀደ፣ ገመዱ ሰው መቻሉን በሰንበት መፈተሽ፣ ማን የትኛውን ጫፍ እንደሚይዝ መስማማት፣ ልጆችም ቆመው እንዲያዩ ማድረግ እንዴት ይከለከላል?