ለጎረቤቴ የተጻፈው አንቀጽ

ጥሩ ሕገ መንግሥት ያለው ሕዝብ ከክፉ ይጠበቃል ትላላችሁ? ይህ ጥያቄ በኅብረታችን ሲነሣ አንዳንዶቻችን «ሕጉስ ጥሩ ነበር፣ የሚሠራበት ጠፋ» እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ «ችግሩ ሁሉ ከሕጉ ነው» እንላለን። በሁለቱም ውስጥ እውነት አለ። ሁለቱም ግን የእኛን ድርሻ ይረሳሉ።

ሕገ መንግሥታችን ከጦርነት በኋላ የተወለደ ነው። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸደቀ፤ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። ብርታቱ ግልጽ ነው። አንቀጽ 27 የሃይማኖትን ነጻነት ያረጋግጣል። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አባቶቻችንን ጠይቁ። በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ምእመናን በየቤቱ ተደብቀው ያመልኩ ነበር። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ። አንቀጽ 40 ደግሞ አርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬት በነጻ እንዲያገኝ፣ ከመሬቱም እንዳይፈናቀል መብት ይሰጠዋል። ከነጌሌ እስከ ያቤሎ፣ ከሞያሌ እስከ ዶሎ ከብቱን ይዞ ለሚኖር ሕዝብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ድካምም አለው። የሕገ መንግሥት ጉባኤው አባላት በ1986 ዓ.ም. ሲመረጡ በርካታ ተቃዋሚ ድርጅቶች አልተካፈሉም፤ ስለዚህ ብዙዎች «የአሸናፊዎች ሕግ» ብለው አዩት። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣንም የተሰጠው ለፍርድ ቤት ሳይሆን የፖለቲካ ሰዎች ለሚቀመጡበት ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አንቀጽ 32 ማንም ኢትዮጵያዊ በመረጠው ቦታ እንዲኖር ይፈቅዳል። ሆኖም የክልል ወሰን በብዙዎች ልብ ውስጥ አጥር ሆነ። በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን ግጭት ሲበረታ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። አንቀጽ 32 ያን ጊዜም በመጽሐፉ ውስጥ ነበረ።

ጀርመኖችም ይህን አይተዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከተሸነፉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1919 በቫይማር ከተማ አዲስ ሕገ መንግሥት አጸደቁ። ሴቶች ከወንዶች እኩል የመምረጥ መብት ነበራቸው፤ የመናገርና የማምለክ ነጻነትም ተጽፎ ነበር። አንቀጽ 48 ግን ፕሬዚዳንቱ በአደጋ ጊዜ መብቶችን እንዲያግድ ይፈቅድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 ዓ.ም. የካቲት ወር ምክር ቤቱ ሲቃጠል፣ ሂትለር በማግስቱ በዚሁ አንቀጽ መብቶቹን አሳገደ። በመጀመሪያ የታፈሱት ኮሚኒስቶች ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ብዙዎቹ አላዘኑም፤ «የእምነት ጠላቶች ናቸው» ብለው ነበርና። ቆይቶ ተራው ለፓስተሮችም ደረሰ። ዲትሪክ ቦንሆፈር እ.ኤ.አ. በ1945 ተሰቀለ። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1949 እንደገና ሲጽፉ የሰውን ክብር የመጀመሪያ አንቀጽ አደረጉት፤ ምክር ቤት እንዳይሽረውም አጠሩት።

የእኛ አንቀጽ 93 ከዚያ አንቀጽ 48 የተሻለ ጥንቃቄ አለው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ካለ በ48 ሰዓት ውስጥ ይቀርብለታል። ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 እና የእኩልነት አንቀጽ 25 በአዋጁ ጊዜም አይታገዱም። እኛ የምንወደው አንቀጽ 27 ግን በማይታገዱት ዝርዝር ውስጥ የለም። እንግዲህ ያን ጊዜ የሚጠብቀን ወረቀት ሳይሆን ሰው ነው፤ የማያምነን ጎረቤታችን እንኳ «ይህ ልክ አይደለም» ብሎ ሲቆምልን ነው።

እኛስ ለእርሱ እንቆማለን? የመቃብር ቦታ ስንከለከል አንቀጽ 27ን እንጠቅሳለን። ሙስሊሙ ወይም የዋቄፈና አማኙ ሲከለከልስ? ከሌላ ክልል የመጣው ቤተሰብ «ወደ አገርህ ሂድ» ሲባልስ? «አገራችን በሰማይ ነው» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ጳውሎስ ሊገረፍ ሲል ሮማዊነቱን ጠቅሷል። ለራስ ሲሆን ሁላችንም መብታችንን እናውቃለን። ሳምራዊው ግን ወገኑ ላልሆነ ሰው ከአህያው ወረደ።

የቦረና አባቶች በየስምንት ዓመቱ በጉሚ ጋዮ ተሰብስበው ሕጋቸውን በሕዝብ ፊት ይመረምራሉ፣ ያውጃሉ። ሕጉ በሰው አፍና ጆሮ ስለሚኖር ለመርሳት ያስቸግራል። እኛ ፊደል የቆጠርነው ሕገ መንግሥቱን ስንቶቻችን አንብበናል? ካነበብንስ የራሳችንን አንቀጽ ብቻ ነው ወይስ የጎረቤታችንንም?

የሕግ ድካም በሕግ ይታረማል፤ መሻሻል ያለበትም ይሻሻል። ለጎረቤቱ የተጻፈውን አንቀጽ የማይጠብቅ ሕዝብ ግን የራሱንም ብዙ አያቆየውም።

ለኅብረት ውይይት፦
1. በከተማችን መብቱ ሲነካ ዝም የምንለው ለማን ነው? ለምን?
2. አንቀጽ 25ን፣ 27ን እና 32ን አብራችሁ አንብቡ። ከሦስቱ ለእናንተ የሚከብደው የትኛው ነው?