አሮጌ ኮምፒውተርና የቱሉ ዲምቱ መንገድ

የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ በ2007 ዓ.ም. ሲመረቅ ቱሉ ዲምቱ መነሻው ሆነች። ከዚያ በፊት ወደ አዳማ የሚሄድ ሁሉ በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ በሚያልፈው አሮጌ መንገድ ከጅቡቲ ከባድ መኪኖች ጋር ሲጋፋ ይውል ነበር። ባለ ስድስት መስመሩ፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው መንገድ ይህን አቀለለ። ከአዳማ የሚመጣ ሾፌር ግን ያተረፈውን ጊዜ ሁሉ ይዞ ቤቱ አይገባም። ክፍያውን ፈጽሞ ወደ ቃሊቲ ካቀና በኋላ የሚደርስበትን ሰዓት የሚወስነው የከተማው መንገድ ነው።

ጌም ተንቀረፈፈብን ብለው አሮጌ ኮምፒውተር ለማሳደግ ብር የሚያጠራቅሙ የሰፈራችን ወጣቶች ይህን ቢያስቡት እወዳለሁ። የአይቢኤም ሲስተም 360 ዋና ነዳፊ ጂን አምዳል በ1967 እ.ኤ.አ. ያነሳው ክርክር እዚህ ላይ ይሠራል፤ ያልፈጠነው የሥራ ክፍል የጠቅላላውን ፍጥነት ይገድባል። አንድ ጌም ለመከፈት 60 ሰከንድ ይፈጃል እንበል። 50ው የሃርድ ዲስክ፣ 10ሩ የፕሮሰሰር ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩን በእጥፍ ብታፈጥኑት የምታተርፉት 5 ሰከንድ ብቻ ነው።

ከቢሮ አገልግሎት ወጥቶ የሚሸጠውን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 እንውሰድ። ብዙ ጊዜ ኮር አይ 5-3470 ፕሮሰሰር አለው። «ጂቲኤ 5» አልሄድ ሲል መጀመሪያ የሚታሰበው ፕሮሰሰሩን በአይ 7 መቀየር ነው። ነገር ግን የጌሙ አምራች ለምቹ አጨዋወት የጠቀሰው የኢንቴል ፕሮሰሰር ራሱ አይ 5-3470 ነው! አብሮ የጠየቀው 8 ጊጋባይት ራምና ባለ 2 ጊጋባይት ግራፊክስ ካርድ ነው፤ የቢሮው ማሽን የሚጎድለው እነዚህ ናቸው። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ የራሱ ማህደር ስለሌለው ከራሙ ይበደራል። ስለዚህ ካርድ መግዣ ብር እስኪገኝ ድረስ አንድ ባለ 8 ከመሰካት ሁለት ባለ 4 ራም በጥንድ መሰካት ይሻላል።

ጉድለቱን ለማወቅ ገንዘብ አያስፈልግም። ጌሙ ሲንቀረፈፍ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከተቸነከረ ኤስኤስዲ ያስፈልጋችኋል። ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ሲያነብ፣ ተራ የሳታ ኤስኤስዲ ከ500 በላይ ያነባል። ሆኖም ኤስኤስዲ ጌሙን ቶሎ ይከፍታል እንጂ ምስሉን ለስላሳ አያደርግም፤ ብዙ ሰው የሚያዝነው ይህን ሳያውቅ ገዝቶ ነው። ቀጥሎ በጌሙ ውስጥ የምስሉን ጥራት ዝቅ አድርጉ። ከፈጠነ ያነቀው ግራፊክሱ ነው፤ ካልተለወጠ ፕሮሰሰሩን ተጠራጠሩ። ከሁሉ በፊት ግን ሳጥኑን ከፍታችሁ አቧራውን ጥረጉ። የጋለ ፕሮሰሰር ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ካርድ የምትገዙ ከሆነ የ7010 ፓወር ሰፕላይ አቅሙ ከ300 ዋት በታች መሆኑን አትርሱ። ቀጭኑ ሳጥን ደግሞ ቁመቱ አጭር የሆነ ካርድ ብቻ ነው የሚቀበለው። 30 ዋት ገደማ የሚፈልገው ጂቲ 1030 ለዚህ ይስማማል፤ ግን በአንድ ስም ሁለት ዓይነት ዕቃ ይሸጣል። ጂዲዲአር 5 የተባለው ማህደር በሰከንድ 48 ጊጋባይት ሲያመላልስ፣ ዲዲአር 4 የተባለው 17 እንኳ አይሞላም። ካርቶኑን ሳታነቡ አትክፈሉ።

ማሽኑ ላይ ከዚህ በላይ ብር ማፍሰስ ግን አልመክርም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ያሉትን ኮር ፕሮሰሰሮች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በይፋ አይቀበልም። አይ 5-3470 የ3ኛው ትውልድ ነው።