ሽበትና ሹመት

በስደት በምንኖር አረጋውያን ዘንድ ዘወትር የሚሰማ አንድ ቅሬታ አለ። በአገሩ መምሪያ ይመራ ወይም በዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ ሰው እዚህ ሲደርስ ከልጁ ለሚያንስ አለቃ ይታዘዛል። ቅሬታው እውነት አለበት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው ሕግ 40 ዓመት የሞላውን ሠራተኛ በዕድሜው ምክንያት ከቅጥርም ሆነ ከዕድገት መከልከልን ያገደው በከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ ከቅሬታው ሥር ያለው አሳብ ሊመረመር ይገባዋል፤ ይኸውም ዕድሜ ሁሉ ልምድ ነው፣ ልምድ ላለውም ሹመት ይገባዋል የሚለው ነው።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው የሮብዓምን ታሪክ ነው። ሕዝቡ ሰሎሞን የጫነበትን ቀንበር እንዲያቀልለት በለመነው ጊዜ፣ ሮብዓም የሽማግሌዎቹን ምክር ንቆ አብሮ አደጎቹን ሰማ፤ መንግሥቱም ተከፈለ። መጽሐፉ አብሮ አደጎቹን ብላቴኖች ስለሚላቸው ጥፋቱን በወጣትነት እናመካኛለን። ነገር ግን ያው መጽሐፍ፣ ሮብዓም ሲነግሥ የ41 ዓመት ሰው እንደ ነበረ ይናገራል። አብረውት ያደጉትም እንግዲህ በዚያው ዕድሜ ግድም ነበሩ ማለት ነው። የጎደላቸው ዓመት አልነበረም። ሽማግሌዎቹ፣ ዛሬ ለሕዝቡ አገልጋይ ሁን ብለው መከሩት፤ በቤተ መንግሥት ያደገው ሰው ግን ሲገለገል ኖረ እንጂ ማገልገልን አልለመደም።

ዲድስቅልያም ለጵጵስና የሚመረጠው ሰው ከ50 ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ምክንያት የሚያደርገውም የዕውቀትን ብዛት ሳይሆን የወጣትነት ሁከት ማለፉን ነው። ወዲያውም በአነስተኛ ሀገር እንዲህ ያለ አረጋዊ ካልተገኘ፣ ምስክርነቱ ያማረ ወጣት ይሾም ዘንድ ይፈቅዳል። (ሁከቱ በ50 ዓመት ማለፉን ግን የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ የተቀመጠ ሁሉ አይመሰክርም።)

እኔም ከብዙ ዘመን ማስተማር በኋላ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ ተቀባይ ሆኜ ሠርቻለሁ። አለቃዬ 30 ዓመት ያልሞላት ሴት ነበረች፤ ባዘዘችኝ ቁጥር ውስጤ ይቆስል ነበር። ቆይቼ እንደ ተረዳሁት ሦስት ዓመት ሙሉ የሌሊት ተረኛ ሆና ሠርታለች። እንቅልፍ ሠራተኛውን በስንት ሰዓት እንደሚያሸንፈው፣ ሰክሮ የመጣ ደንበኛ በምን ቃል እንደሚበርድ ታውቃለች። እኔ ብዙ ነገር አውቅ ነበር፤ ይህን ግን አላውቅም።

በ58 ዓመቴ የተረኞች ኃላፊ ሆኜ ስሾም የመጀመሪያውን የተራ ሠሌዳ በኩራት አዘጋጅቼ አቀረብሁላት። ዐምዱ የተስተካከለ፣ ጽሕፈቱም ያማረ ነበር። አየችውና «የእሑድን ሌሊት ማን ይሠራል?» ብላ ጠየቀችኝ። የሌሊቱን ተራ ሁሉ ለሌሎች አከፋፍዬ ለራሴ ቀን ቀኑን ብቻ ይዤ ነበርና፣ ለእሑድ ሌሊት ሰው ጎድሎኛል። ሌላ ቃል አልተናገረችም። ሠሌዳውን ይዤ ተመለስሁ።