ንጽሕና ባዶነት ነውን?

ንጹህ ውሃ ማለት ምንም ያልተቀላቀለበት ውሃ ነው የሚለው እምነት ከማጀት እስከ ቤተ እምነት ሥር የሰደደ ነው። የበራዱ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሲያበጅ ውሃው ይታማል፤ ኩልል ብሎ የሚወርደውና ሳሙና ቶሎ አረፋ የሚያወጣበት ግን ሳይጠየቅ ይታመናል። ይህ ሚዛን በጤናም በሃይማኖትም በኩል ያሳስተናል ባይ ነኝ።

ጠንካራ ውሃ የሚባለው ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ነው፤ በካልሲየም ካርቦኔት ተሰልቶ በሊትር ከ180 ሚሊግራም ካለፈ በጣም ጠንካራ ይሉታል። የኖራ ድንጋይ ባለባቸው በመቀሌና በድሬዳዋ ነዋሪው ያውቀዋል። የጌዴኦ ደጋ ግን የእሳተ ገሞራ ዓለት ነው፤ ዝናቡም ስለሚበዛ የምንጮቹ ውሃ ባመዛኙ ለስላሳ ነው። ጠንካራው ውሃ ሲፈላ ባይካርቦኔቱ ይፈርስና ካልሲየሙ ድንጋይ ሆኖ የበራዱ ቂጥ ላይ ይጋገራል። ሎሚ ወይም አቼቶ ሲፈስበት አረፋ እየደፈቀ ይለቃል። ጠንካራው ውሃ ሳሙናውንም ወደ ዝልግልግ እድፍ ይለውጠዋል፤ ነጠላው እየታጠበ ይጠቁራል። የይርጋጨፌን ቡና እንኳ አይምረውም፤ የታወቀበትን ኮምጣጣ ቃና ባይካርቦኔቱ ይውጠዋል። ማፍላት የሚያስወግደው ግን ይህን ከባይካርቦኔት ጋር ያለውን ክፍል ብቻ ነው፤ ከሰልፌት ጋር ያለው አይወጣም። እሱን የሚያወጣው ካልሲየሙን በሶዲየም የሚተካና በጨው የሚታደስ ማለስለሻ ነው። የጠንካራ ውሃ ጉዳት ግን በዕቃ፣ በልብስና በኪስ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለውሃ ጥንካሬ በጤና ምክንያት የወሰነው ገደብ የለም፤ ካልሲየምም ሆነ ማግኒዚየም ሰውነት የሚሻቸው ናቸው።

ሃይማኖቶቹም ንጽሕናን በባዶነት አልለኩም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 በድን የነካው ዕቃ ሲረክስ ምንጭ ንጹሕ እንደሆነ ይቀራል። በእስልምና በባሕር ውሃ ውዱእ ይደረጋል፤ ባሕር ደግሞ ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ይልቅ ጨውና ማዕድን የበዛበት ነው። ብዙ ምእመናን የሚጠመቁባቸው ፍል ውሃዎችም ማዕድን የሞላባቸው ናቸው። የሃይማኖት ንጽሕና ሌላ፣ የማጀት ንጽሕና ሌላ፤ ለምን ይደባለቃሉ? የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ መለኪያቸው ይለያያል። ሁለቱም የሚጠይቁት ግን ውሃው ለታሰበለት ተግባር መብቃቱን ነው። እግዚአብሔር የሰጠውን ውሃ መነካካት ድፍረት ነው ለሚለውም መልሱ ከዚያው ከመጽሐፉ ይገኛል፤ በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 2 ኤልሳዕ የኢያሪኮን ክፉ ውሃ የፈወሰው በአዲስ ማሰሮ ጨው አስመጥቶ ወደ ምንጩ በመጣል ነው። ተአምሩ የእግዚአብሔር ሲሆን ጨውና ማሰሮውን ያቀረበው የሰው እጅ ነው።

ከበድ የሚለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ንጽሕና በተግባር ከተለካ እያንዳንዱ የፈለገውን ውሃ ንጹህ ሊል አይደለምን? አይደለም፤ ለመጠጥ ዳኛው ሰውነት ነው፣ እሱም በአስተያየት አይታለልም። ከጌዴኦ ደጋ ወደ አባያ በኩል፣ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሲወረድ ይህ ጎልቶ ይታያል። በሸለቆው ወለል ብዙ የከርሰ ምድር ውሃ ካልሲየሙ አንሶ ሶዲየሙ በዝቶበታል፤ ሳሙና አረፋ ያወጣበታል፣ በራድም አያበላሽም። ፍሎራይድን አስሮ የሚያዘቅጠው ካልሲየም ስለሚያንስ ግን ፍሎራይዱ እንደሟሟ ይቀራል፤ በብዙ ጉድጓዶች በሊትር 1.5 ሚሊግራም ከሆነው የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ ያልፋል። የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ ለዓመታት ሲጠጣም አጥንት ያጎብጣል። ማፍላት ፍሎራይዱን አያስወግደውም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር ያከማቸዋል። ከሚሠሩት መንገዶች አንዱ በከሰለ የከብት አጥንት ማጣራት ነው፤ ፍሎራይዱን የሚይዘውም ያው የአጥንቱ የካልሲየም ውሁድ ነው። በጾም በአጥንት ውስጥ ያለፈ ውሃ መጠጣት ይገባል ወይ፣ ከብቱስ በማን እጅ ታረደ ብሎ የሚጠይቅ ምእመን ቅን ጥያቄ ነው የሚጠይቀው። የሚመልሱለት ካህናት፣ ሼሆችና ፓስተሮች ውሃው የነካውን ብቻ ሳይሆን ሳይጣራ የሚጠጣውን ሕፃን ጥርስም ከፊታቸው አስቀምጠው ይፍረዱ።