የአንድሮሜዳ ዕዳ

የጥንት ግሪኮች ስለ አንዲት የኢትዮጵያ ንግሥት ይተርካሉ። (በእነሱ አነጋገር «ኢትዮጵያ» ማለት ከግብፅ በስተደቡብ ያለው የጥቁር ሰው አገር ሁሉ ነበር።) ካሲዮፔያ ትባላለች። በቁንጅና ከባሕር ልጃገረዶች እበልጣለሁ ብላ ፎከረች። የባሕር አምላክ ፖሴይዶን ተቆጥቶ አውሬ ላከ። ታዲያ ከቋጥኝ ጋር በሰንሰለት የታሰረው ማን ነው? የፎከረችው እናት አይደለችም፤ ልጅዋ አንድሮሜዳ ናት።

ማይክል ክራይተን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው የሳይንስ ልብ ወለድ ይኸው ስም ተመልሶ ይመጣል። ለጦርነት የሚውል ረቂቅ ተሕዋስ ከጠፈር ሲፈለግ ሳተላይቱ ምድር ላይ ይወድቃል፤ የሚያልቀው ግን ነገሩን ጭራሽ ያልሰማ የአንዲት ትንሽ ከተማ ሕዝብ ነው። ሳይንሱ አዲስ፣ ዕዳ ከፋዩ ግን ያው የጥንቱ!

እኛስ? አባቴ ጅማ መርካቶ ውስጥ «ዘንድሮ ቡና ይወደዳል፣ ታያላችሁ!» ብለው በሰው ፊት ፎክረው፣ በብድር ገዝተው አከማቹ። ዋጋው ወደቀ። እኅቴ ከአሥረኛ ክፍል ወጥታ ሱቅ ገባች። እኔ ግን እዚሁ ትምህርቴ ላይ አለሁ።

በተረቱ ፐርሴውስ ደርሶ አውሬውን ይገድላል፤ እሱም ቢሆን ልጅቱን እንዲድሩለት አስቀድሞ ተዋውሎ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በእሷ መታሰር ሊድን የነበረው ሕዝብ ነው። ያ ሕዝብ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም? «እኔ አላሰርኳትም» ማለት ይችላል። እኔም እኅቴን አላሰርኳትም። ሆኖም የምማርበት ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ እያወቅሁ ዝም ካልኩ፣ ከሰንሰለቱ አንዱን ቀለበት ይዣለሁ ማለት ነው።

ስለዚህ የሚመጣውን ዓመት ሱቁን እኔ ልያዝ፣ እሷ ትማር ብዬ ለአባቴ ልነግራቸው ቆርጫለሁ። ጀግንነት አይደለም፤ ዕዳ መካፈል እንጂ። እናንተስ፣ ማን ታስሮላችሁ ነው የምትማሩት?