የማይታይ ሕመምና የፈራጅ ኅሊና

በሰውነቱ ላይ ቍስል የማይታይበት ሰው ‹‹ታምሜአለሁ›› ቢል ልናምነው ይገባልን? ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1991 ወደ አሜሪካ ከተመለሱት ወታደሮች አያሌዎቹ ይህ ጥያቄ ገጥሟቸዋል። ፋይብሮማያልጂያ የተባለው ደዌ መላ አካልን ያሳምማል፥ እንቅልፍም ይነሣል፤ ነገር ግን በደም ምርመራም በራጅም አይገለጥም። ስለዚህ የጉዳት አበል ሲጠይቁ ማስረጃ አጡ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ሕግ ግን ሐኪም ደዌውን ካረጋገጠ፥ በዚያ ምድር ካገለገለበት የመጣ ሆኖ ይቈጠርለት አለ፤ መነሻውን የማስረዳት ሸክምም ከታማሚው ትከሻ ወረደ።

‹‹ሐሰተኛም ይገባበታል›› ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው። ሐሰተኛ ቢቀበል ግን የሚጐድለው ገንዘብ ነው፤ እውነተኛው ቢከለከል በሕመሙ ላይ የሐሰተኛ ስም ይጨመርበታል። ኢዮብን ወዳጆቹ ቍስሉን እያዩ ከነቀፉት፥ ቍስል የማይታይበትማ እንዴት ይሆን! ሕጉም ቢሆን በዚህ ደዌ ብቻ የጉዳቱን መጠን ከመቶ 40 እጅ አያሳልፍም፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚቃትተውን ሰው ሕመም ግን በምን ሚዛን መዘኑት?