የአባት ተራ፣ የልጅ ዕዳ?

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ የወላጅ ጭንቀት ግን ይከፈታል። ልጆች ሁለት ወር ሙሉ የት ይዋሉ? ጠዋት መድረሳ፣ ከዚያም ኳስ፣ አልፎ አልፎም ማጠናከሪያ ትምህርት ይኖር ይሆናል። የቀረው ሰዓት የሚያልቀው በየመንገዱና በየወንዙ ዳር ነው። ይህን ያዩ ወላጆች «ልጆቹን በቡድን እናደራጅ፣ ዋና እናስተምር፣ ጥበቃውን ደግሞ በተራ እንያዝ» ብለው ይነሳሉ። ሐሳቡ ያማረ ነው። ፈተናው የሚመጣው ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ነው። ባለተራው ይቀራል፤ ልጁ ግን ፎጣውን ይዞ ከሁሉ ቀድሞ ይገኛል። ለመሆኑ ያንን ልጅ ምን እናድርገው? ወደ ቤቱ እንመልሰው? አባቱን ገንዘብ እናስከፍለው? ወይስ እንዳላየ እንለፈው?

ውድ አንባቢያን! ጥያቄዋ ትንሽ ትመስላለች። ነገሩ ውሃ በመሆኑ ግን ትንሽ አይደለችም። ለቆቦና ለአካባቢዋ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። በቆቦ ሰማይ ላይ ደመና ሳይታይ፣ በምዕራቡ ደጋ የዘነበው ዝናብ ጎሊናንና ሆርማትን ሞልቶ በድንገት ይደርሳል። ልጅ ከደቂቃዎች በፊት እየዘለለ የተሻገረው ወንዝ ግንድ ይዞ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ሩብ ያህሉ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ድርጅቱ ከሚመክራቸው ነገሮች መካከልም ለትምህርት የደረሱ ልጆችን ዋና ማስተማር ይገኝበታል።

ምክሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ልጆች ዋና እንዲማሩ ለአቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) መጻፋቸው ተዘግቧል። «ውሃ አጠገብ እንዳትደርስ!» ማለት ብቻውን ልጅን አያድንም። ልጅ ወላጅ ባላየው ሰዓት ይገባልና። የሚያድነው ጎርፍ በማይደርስበት፣ ጥልቀቱ በታወቀ ውሃ፣ የሚያይ ዐይን ባለበት መማር ነው። ይህ ዐይን ደግሞ የወላጅ ጊዜ ይጠይቃል።

ጊዜው ከየት ይምጣ? ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ገበሬው የማሽላ ሽልሻሎና አረም ላይ ነው። ነጋዴው በገበያ ቀን ሱቁን ጥሎ አይወጣም። የባጃጅ ሾፌሩ ቆሞ የዋለበት ሰዓት ገቢ የለውም። መምህሩ ለክረምት ትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። እናት ደግሞ ተራ ተብሎ በወረቀት ያልተጻፈ ሥራ ከንጋት እስከ ምሽት አለባት። በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነቱ ወደ ቆቦ ከገባ ወዲህ ያለፉት ዓመታት እንዳሳዩት፣ ሰኞ የታቀደ ነገር ረቡዕ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የቀረ ወላጅ ሁሉ ቸልተኛ ነው ብሎ መፍረድ ትልቅ ስሕተት ነው። ይሁንና ሁልጊዜ የሚቀርም፣ ሁልጊዜ የሌላው ትከሻ ላይ የሚያርፍም አለ። የእኔ ነጥብ በዚህኛው ላይ ነው።

አንዳንዶች መፍትሔውን ከራያ ገበሬ ሊወስዱ ይሻሉ። የራያ ገበሬ የተራን ሕግ አሳምሮ ያውቃል። ጎርፍ ሲመጣ ሌሊት ነው፣ ቀን ነው አይልም። በድንጋይና በቅጠል የተሠራ ክትር ሲናድ ተጠራርቶ መሥራት፣ ቦዩን መጥረግ፣ ጎርፉን ጠልፎ በየማሳው ማዳረስ የጋራ ሥራ ነው። የውሃ አባት ያስተባብራል። ከሥራው የቀረ ይቀጣል፤ ውሃም ሊከለከል ይችላል። ሕጉ ፍትሐዊ ነው፤ የሰነፈውም የሚጎዳውም አንድ ሰው ነውና። ታዲያ «ያልጠበቀ ወላጅ ልጁ አይዋኝ» ቢባል ምን ነውር አለው?

ነውሩ እዚህ ላይ ነው። ማሳ አያፍርም፤ ልጅ ግን ያፍራል። ማሳ ውሃ ሲያጣ የሚከስረው ባለቤቱ ነው። ልጅ በጓደኞቹ ፊት «አባትህ ስላልመጣ ተመለስ» ሲባል ግን ቅጣቱ የሚያርፈው ተራውን ባላወጣው፣ ቀኑን ባልመረጠው፣ አባቱንም ማዘዝ በማይችለው ላይ ነው። ይባስ ብሎም የተመለሰው ልጅ ቤቱ አይሄድም። ብቻውን ጠባቂ ወደሌለበት ውሃ ሊሄድ ይችላል። ከአደጋ ለማዳን የተቋቋመው ቡድን ወደ አደጋው ገፋው ማለት ነው።

የታላላቆች ጉዳይ በውሃ ውስጥ ባለው ወጣት ላይ ሲያርፍ በአደባባይ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነፃ ዋና ማጣሪያ በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ገብቶ ከተወዳዳሪዎቹ መጨረሻ ሆነ። አባቱ የዋና ፌዴሬሽኑ መሪ መሆናቸው በወቅቱ ተዘግቦ ስለ አመራረጡ ብዙ ተባለ። ስለ አመራረጥ መጠየቅ ተገቢ ነው። የዓለም መሳለቂያ የሆነው ግን የወጣቱ ሰውነት ነበር። ጥያቄው ለአዋቂዎች፣ ስድቡ ለልጁ ሆነ።

«እንግዲያው ያልመጣው ይክፈል» የሚሉም አሉ። ይህም ተሞክሯል። በሃይፋ ከተማ በ10 የሕፃናት ማቆያዎች ላይ ጥናት ያካሄዱት ዩሪ ግኒዚና አልዶ ረስቲቺኒ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2000 አሳትመዋል። በ6ቱ ማቆያዎች ልጁን ለመውሰድ ዘግይቶ የሚመጣ ወላጅ 10 ሸቀል እንዲቀጣ ተደረገ። የዘገዩት ወላጆች ግን አልቀነሱም፤ በረከቱ። ቅጣቱ ሲነሳም ቁጥሩ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ቀድሞ «መምህሯን አስቸገርኳት» እያለ ይሳቀቅ የነበረ ወላጅ አሁን «ከፍያለሁ» አለ። ገንዘቡ እፍረቱን ገዛው። ከዚህም በላይ ገንዘብ የሌለው የባጃጅ ሾፌርና ያለው ነጋዴ እኩል አይቀጡም። ውሃ ዳርም ብር አያይም፤ የሚያየው ሰው ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በአሜሪካ ሰሜን ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ1956 የተመሠረተ የልጆች የዋና ሊግ አለ። ውድድሩ የሚካሄደው በእኛ ክረምት ወራት ሲሆን ሰዓት የሚይዙትም፣ አዋዋኑን የሚዳኙትም በጎ ፈቃደኛ ወላጆች ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ታክሲ የሚነዳ አባት እዚያም ቢሆን ከሽልሻሎው እንዳልተላቀቀ ገበሬ ነው።

ታዲያ ትጉው ወላጅ ዕድሜ ልኩን የሰነፉን ተራ ይሸከም? አይሸከም። መፍትሔው ግን ልጁን ሳይነካ መገኘት አለበት። አንደኛ፣ ተራ ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዱ ወላጅ የሚችለውን ቀን ይጠየቅ። ከዐስር ሰላት በኋላ የሚመቸው አለ፤ ጠዋት ብቻ የሚመቸው አለ። ለሁሉም እኩል ቀን መስጠት እኩልነት ሊመስል ይችላል፤ ፍትሕ ግን አይደለም። ሁለተኛ፣ ውሃ ዳር መቆም የማይችል ልጆቹን ያድርስ፣ ይመልስ ወይም ከገበያ ቀን ውጭ ሌላውን ይተካ። ሦስተኛ፣ ሁልጊዜ የሚቀር ካለ ሽማግሌ ይላክበት። ይህ አዋቂ ከአዋቂ ጋር የሚነጋገርበት ጉዳይ ነው። ልጁ መልእክተኛም መያዣም አይሁን።

አራተኛውና ዋናው፣ በቂ ጠባቂ ባልተገኘበት ቀን ማንም ልጅ ውሃ አይግባ። ተራውን የጠበቀው ሰው ልጅም ጭምር። «ይህማ ንጹሑን መቅጣት ነው» የሚል ይኖራል። አይደለም። አንዱን ነጥሎ መመለስ ፍርድ ነው፤ ሁሉንም ከውሃ ማውጣት ግን ጥንቃቄ ነው። በመጀመሪያው ልጁ የአባቱን ስም ተሸክሞ ይሄዳል፤ በሁለተኛው ሁሉም አብረው ኳስ ይጫወታሉ። ሁሉም ልጅ ደረቅ ሆኖ የተመለሰበት ቀን ደግሞ ወላጆችን ሁሉ ያነጋግራል።

እንግዲህ ተራ የሚባለው ነገር ለገዛ ልጅ የሚከፈል ዋጋ ተደርጎ ከታሰበ የቀረውን ሰው ልጅ ማባረር ትክክል ይመስላል። ጥበቃ ግን እንዲህ አይደለም። ውሃ ዳር የቆመ አባት ዐይኑን ከገዛ ልጁ ላይ ብቻ ካላነሳ ጠባቂ አይባልም። ተራውን ተቀብሎ የቆመ ሰው ለዚያ ሰዓት የሁሉም አባት ነው፤ የሰነፉ ሰው ልጅም ከአደራው ውስጥ ነው። የዘንድሮን ክረምት ተራ ስናወጣ በወረቀቱ ላይ የምንጽፈው የወላጆችን ስም ነው። የምንጠብቀው ግን ልጆችን መሆኑን አንዘንጋ።